አስመስሎ በመሣል የዘይት ቀለምን ጥበብ መማር

የታላላቅ ሠዓልያንን ሥራ አስመስሎ መሣል ለጀማሪ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? አንዳንዶች፣ የሌላውን ሥራ የሚቀዳ ሰው የራሱን ዐይን ያጣል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል ሲሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚለየው ግን መቅዳቱ ሳይሆን አቀዳዱ ነው። እጁ ብቻ የሚቀዳ ሰው ከብዙ ድካም በኋላ አንድ ቅጂ ያገኛል፤ ዐይኑና አእምሮው ከእጁ ጋር አብረው የሚሠሩለት ሰው ግን ከቅጂው በተጨማሪ ዕውቀት ያገኛል። በዚህ ምንባብ ውስጥ አንድ የታወቀ የመልክዐ ምድር ሥዕል መነሻ አድርገን፣ የዘይት ቀለም አሣሣል ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚለመድ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ለትምህርታችን የመረጥነው ሥዕል «የድርቆሽ ጋሪ» ይባላል። ሠዓሊው እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል (1776–1837) ሲሆን፣ ሥዕሉን የፈጸመው በ1821 ነው። ዛሬ የሚገኘው ለንደን ከተማ በናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። ቁመቱ 130.2፣ ወርዱ 185.4 ሳንቲ ሜትር ነው። በሥዕሉ መካከል ፈረሶች የሚስቡት ባዶ ጋሪ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ ይታያል። በግራ በኩል በዛፎች የተከለለ የገጠር ቤት ቆሟል። ከፊት ለፊት አንድ ውሻ በወንዙ ዳር ሆኖ ወደ ጋሪው ይመለከታል። በቀኝ በኩል ሰፊ ሜዳ ተንጣሏል፤ በሩቁም ድርቆሽ የሚሰበስቡ ሰዎች እንደ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደመና ያዘለ ሰፊ ሰማይ አለ። ወንዙ ስቱር ይባላል፤ ስፍራውም በሰፎክ አውራጃ፣ በፍላትፎርድ ወፍጮ አጠገብ ነው። ወፍጮው የሠዓሊው አባት ንብረት ስለ ነበር ኮንስታብል ያንን ውሃና ያንን መንደር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸው ነበር።

ሥዕሉ የሮማንቲክ ሥነ ጥበብ ከሚባለው ወገን ይመደባል። ሮማንቲሲዝም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአውሮፓ የጎላ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ቀደም በነበሩት የሥዕል አካዳሚዎች ዘንድ ከፍተኛውን ክብር የሚያገኘው የሃይማኖት፣ የአፈ ታሪክና የታሪክ ሥዕል ነበር፤ የመልክዐ ምድር ሥዕል ግን ዝቅ ያለ ስፍራ ይሰጠው ነበር። ሮማንቲኮቹ ተፈጥሮ ራሷ የሰውን ስሜት ልትናገር እንደምትችል አሳዩ። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ተራራንና ጉምን፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ተርነር ማዕበልንና ብርሃንን ሣሉ። ኮንስታብል ደግሞ በጋሪ፣ በኩሬና በደመና ተወሰነ። «የድርቆሽ ጋሪ» በ1821 ለንደን ውስጥ በሮያል አካዳሚ ለሕዝብ ሲታይ ገዢ አላገኘም። በ1824 ግን በፓሪስ ትርኢት ቀርቦ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ።

ይህን ሥዕል ለቅጂ የመረጥንበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ኮንስታብል ራሱ ቀድቶ የተማረ ሠዓሊ መሆኑ ነው። በወጣትነቱ ሰር ጆርጅ ቦሞንት የተባሉ የሥዕል ወዳጅ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የክሎድ ሎሬንን ሥዕሎች አሳዩት፤ እርሱም እየቀዳ ያጠናቸው ነበር። ይህም ልማድ በጀማሪነቱ ዘመን ብቻ አልቀረም። በ1823፣ «የድርቆሽ ጋሪ» ከተፈጸመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የ47 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ሳለ በቦሞንት ቤት በእንግድነት ተቀምጦ የክሎድን ሥራዎች ሲቀዳ ሰነበተ። እንግዲህ መቅዳት የጀማሪ ምርኩዝ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ የዘይት ቀለም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም ማለት በጣም የደቀቀ የቀለም ዱቄት በዘይት ተለውሶ የተዘጋጀ ቅባት ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ዘይት በአገራችን በሚገባ ከምናውቀው ከተልባ የሚጨመቀው ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጂን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል እንጂ። ስለዚህ ስስ የሆነ ቅብ እንኳ በእጅ ሲነካ እስከማይለቅ ድረስ ብዙ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ወፍራሙ ቅብ ደግሞ ውስጡ እስኪደርቅ ወራት ይወስዳል። ይህ መዘግየት ለጀማሪ ጥቅም አለው። የተሳሳተውን ለመጥረግ፣ ሁለት ቀለሞችን በሸራው ላይ ለማዋሐድ፣ ዛሬ የተጀመረውን ነገ ለማረም ጊዜ ይሰጣል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም። በነጭ ቅብ የተዘጋጀ ሸራ፣ ሰፋፊና ቀጫጭን ብሩሾች፣ ቀለም የሚደባለቅበት ሰሌዳ፣ ቀለም ማንሻ ቢላዋ፣ የተልባ ዘይት፣ ማቅጠኛ ተርፐንታይንና ቁራጭ ጨርቅ ይበቃሉ። ሸራው አስቀድሞ ነጭ ቅብ የሚቀባው ዘይቱ ጨርቁን በቀጥታ ነክቶ ክሩን እንዳያበሰብሰው ነው። ከቀለም በኩል ነጭ፣ ቢጫ፣ የቢጫ አፈር ቀለም፣ ቀይ፣ ቀይ ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ቢኖር በቂ ነው። አረንጓዴውን እናንተው ትቀምሙታላችሁ። በኮንስታብል ዘመን ሠዓልያን የሚጠቀሙበት ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራና መርዛማ ስለ ነበር፣ በእርሱ ፈንታ ቲታኒየም ነጭ የተባለውን ብትወስዱ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ቸል የማይባል ማስጠንቀቂያ አለ። ተርፐንታይን የሚሸትበት ክፍል መስኮቱ የተከፈተ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ቢከመር፣ ዘይቱ በሚጠጥርበት ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ጨርቁ እሳት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አኑሩት።

መሣሪያው ከተሟላ በኋላ የሥዕሉን ይዞታ ወደ ሸራው ማዛወር ይከተላል። ለዚህ ጥንታዊውና ቀላሉ ዘዴ በካሬ መክፈል ነው። በመጽሐፍ ላይ የታተመው የሥዕሉ ቅጂ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 14 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ዘርግታችሁ ጎናቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ብታሰምሩ፣ ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 7፣ በድምሩ 70 ካሬዎች ይሆናሉ። ሸራችሁ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 42 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ ጎናቸው 6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 70 ካሬዎች ይወጡታል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ የምታዩትን መስመር በአቻው ትልቅ ካሬ ውስጥ ታሰፍራላችሁ። በዚህ ጊዜ «ቤት እሥላለሁ፣ ፈረስ እሥላለሁ» ብላችሁ አታስቡ። «ይህ መስመር የካሬውን ጎን የሚያቋርጠው በስንተኛው እጅ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ፈረስ አስቀድሞ ያውቃል ብሎ ማሰቡ ነውና፤ የሚሥለው በፊቱ ያለውን ፈረስ ሳይሆን በሐሳቡ ያለውን ነው። ካሬው ከዚህ ልማድ ያላቅቀዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ጨለማንና ብርሃንን መለየት ነው። ዐይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ሥዕሉን ብትመለከቱ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ታላላቅ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። ሰማዩ ከሁሉ ይልቅ ብሩህ ነው፤ ሜዳውና ውሃው መካከለኛ ናቸው፤ በግራ ያሉት ዛፎች ደግሞ ጨለማ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ክፍሎች በተርፐንታይን በቀጠነ ቀይ ቡናማ ቀለም ብቻ በሸራው ላይ አስፍሩ። ኮንስታብልም ብዙ ጊዜ የሚሥለው ሞቅ ያለ ቡናማ ቅብ በተቀባ መደብ ላይ ነበር። ይህ መደብ በአረንጓዴው ቅጠል መካከል እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ለሥዕሉ ሕይወት ይሰጠዋል። በዚህ ደረጃ ላይ ሥዕሉ በቡናማ ቀለም ብቻ ካልቆመ፣ በኋላ የሚጨመርለት ቀለም ሊያቆመው አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ እውነተኛው ቀለም ይመጣል። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሕግ አለ፤ ይኸውም ዘይት ያነሰው ቅብ ከሥር፣ ዘይት የበዛበት ቅብ ከላይ መሆን አለበት የሚለው ነው። ምክንያቱም ዘይት የበዛበት ቅብ ዘግይቶ ይደርቃል፤ በሚደርቅበትም ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ዘግይቶ የሚደርቀው ከሥር፣ ፈጥኖ የሚደርቀው ከላይ ቢሆን፣ የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ሥዕሉም ውሎ አድሮ እንደ ደረቀ ጭቃ ይተረተራል።

ቅደም ተከተሉ ከሩቅ ወደ ቅርብ ቢሆን ሥራው ይቃናል። በመጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ የሩቁን ሜዳ፣ ከዚያም ዛፎቹንና ቤቱን፣ ከእነርሱም በኋላ ውሃውን፣ በመጨረሻ ጋሪውን፣ ፈረሶቹንና ውሻውን ሣሉ። ሰማይ የሚቀድመው በሥዕሉ ላይ ያለውን ብርሃን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ኮንስታብል ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በ1821 እና በ1822 በሃምስቴድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ደመናን ብቻ የሚያሳዩ ብዙ ጥናቶችን ሥሏል፤ በጀርባቸውም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። በሩቅ ያለው ሜዳ ደግሞ በቅርብ ካለው ይልቅ የፈዘዘና ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ መሆኑን አስተውሉ። በእኛና በሩቁ ነገር መካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበታትን ጨለማው ይቀላል፣ ቀለሙም ይቀዘቅዛል። የአገራችሁን ተራሮች ከሩቅ ስትመለከቱ ሰማያዊ መስለው የሚታዩአችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

አረንጓዴን በተመለከተ ብዙ ጀማሪዎች አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀምመው ዛፉንም ሣሩንም በእርሱ ይሸፍኑታል። «የድርቆሽ ጋሪ»ን በትኩረት ብትመረምሩ ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ሰማያዊና ቢጫ ከቀላቀላችሁ በኋላ እጅግ ጥቂት ቀይ ብትጨምሩበት የአረንጓዴው ጩኸት ይረግባል። ቀጥሎም የፈረሶቹን ጌጥ ተመልከቱ፤ ቀይ ነው። ስፍራው ትንሽ ቢሆንም በአረንጓዴ መካከል ስለ ተቀመጠ ዐይን ወዲያው ወደ እርሱ ይሄዳል። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ቀለሞች በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። በቅጠሎቹና በውሃው ላይ የምታዩአቸው ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ደግሞ የእርጥብ ነገር ጸዳል ናቸው። በዘመኑ የነበሩ ተቺዎች «የኮንስታብል በረዶ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እነዚህን ነጠብጣቦች ከሁሉ በኋላ፣ በጥቂቱና በወፈረ ቀለም አስቀምጡ።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የትምህርቱ ነፍስ ነው። ሠዓሊው ውሻውን ለምን እዚያ አኖረው? ጋሪውን ለምን መካከል አደረገው? ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚረዳ ማስረጃ አለ። ኮንስታብል ዋናውን ሥዕል ከመጀመሩ በፊት በዚያው መጠን ገደማ አንድ ሙሉ ረቂቅ ሥሎ ነበር፤ ረቂቁም ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በረቂቁ ላይ በወንዙ ዳር ከውሻው አጠገብ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፤ በተፈጸመው ሥዕል ላይ ግን የለም። ፈረሰኛው በመነሣቱ ዐይናችን ምንም ሳያግደው ከውሻው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጋሪው ይሄዳል። ታላቁ ሠዓሊ እንኳ የሠራውን አፍርሶ እንደገና እንደሚሠራ ያወቀ ተማሪ፣ በራሱ ሸራ ላይ ያበላሸውን ስፍራ በቢላዋ ገፍፎ እንደገና ለመጀመር አያፍርም፤ ተሰጥዎ የለኝም ብሎም ተስፋ አይቆርጥም።

ቅጂው ሲፈጸም ከሸራው ጀርባ «ከጆን ኮንስታብል ሥዕል የተቀዳ» ብላችሁ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ትምህርትን ከማጭበርበር የሚለየው እርሱ ነው። ተማሪ የሌላውን ሥራ ሲቀዳ አስተማሪውን ያከብራል፤ የቀዳውን የራሴ ነው ሲል ግን ይሰርቃል። ሠዓልያን እንዲቀዱ በሚፈቅደው በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየምም ቅጂው ከዋናው ሥዕል በመጠን የተለየ እንዲሆን ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ዋናው ቁም ነገር ነው። የኮንስታብልን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ወዳጁ ቻርልስ ሮበርት ሌስሊ እንደሚተርከው፣ ሰር ጆርጅ ቦሞንት በሥዕል ላይ ሊሰፍን የሚገባው ቀለም የአሮጌ ቫዮሊን ቡናማ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። የድሮ ሥዕሎች በዕድሜና በቫርኒሽ ብዛት ቡናማ መስለው ይታዩ ስለ ነበር፣ ተፈጥሮም እንደዚያው እንዲሣል ይፈልጉ ነበር። ኮንስታብል ግን መልሱን በቃል አልሰጠም፤ አንድ አሮጌ ቫዮሊን ወስዶ በቤቱ ፊት ለፊት ባለው አረንጓዴ ሣር ላይ አስቀመጠው። ሣሩ ቫዮሊን አይመስልም ነበር። ይህ ሰው የክሎድን ሥዕሎች በፍቅር የቀዳ ሰው መሆኑን አትርሱ። ከክሎድ የተማረው ብርሃንን ማስተዋልን ነው፤ የሚያየውን ሣር ግን ከሣሩ ከራሱ ተማረ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። «የድርቆሽ ጋሪ»ን ቀድታችሁ ስትጨርሱ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ወደ ውጭ ውጡ። በአካባቢያችሁ ያለውን ወንዝ፣ ማሳ ወይም መንገድ ተመልከቱ። የትኛው ክፍል ብሩህ፣ የትኛው ጨለማ እንደ ሆነ፣ ሩቁ ከቅርቡ በምን እንደሚለይ፣ ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንዳለ ቁጠሩ። የዘይት ቀለም ባታገኙ በእርሳስ ወይም በውሃ ቀለም ሞክሩት፤ የማየቱ ሥራ በሁሉም አንድ ነው። የሰፎክ ሜዳ የኮንስታብል ነው። በቅጂው ያገኛችሁት ዐይን ግን የራሳችሁ ስለ ሆነ፣ የምትሥሉት የራሳችሁን ሜዳ ይሁን።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. የተልባ ዘይት የሚደርቅበት መንገድ ከውሃ አደራረቅ በምን ይለያል?
2. ዘይት የበዛበት ቅብ ከሥር ቢሆን ሥዕሉ ምን ይደርስበታል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
3. የቫዮሊኑ ታሪክ ስለ መቅዳትና ስለ ማየት ምን ያስተምራል?

ለ. በምንባቡ ውስጥ ከሚገኙት ቦዝ አንቀጾች አምስቱን ለይታችሁ አውጡና እያንዳንዱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ሐ. በሚገባ የምታውቁትን አንድ የገጠር ወይም የከተማ ስፍራ መርጣችሁ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ በሚሄድ ቅደም ተከተል አንድ ገጽ የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ።